ፕላንት ባዮሎጂ ለመማር ስንት መበደር ያዋጣል? ደሞዝና የተማሪ ብድርን የማመዛዘን መመሪያ

አሜሪካ ልጅ ያሳደገ አበሻ ቤተሰብ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ሲባል ደሞዙን እንኳ ሳይጠይቅ ይመርቃል። ልጅቷ «ፕላንት ባዮሎጂ» ስትል ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ «እኛ ከእርሻ ወጥተን እዚህ የደረስነው አንቺ ተመልሰሽ አፈር ልትቆፍሪ ነው?» ልጅቷ «የምወደውን ልማር» ትላለች፣ አባት «የምትወጂው ኪራይ አይከፍልም» ይላል፣ ሁለቱም ቁጥር ሳይጠሩ ያመሻሉ።

ቁጥሩ ግን አለ፤ በነፃም ይገኛል። ይህን መመሪያ ወላጅና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዛችሁ አንብቡት። የኔን አስተያየት ከአሁኑ ልናገር፦ ዘርፉ ደህና ይከፍላል፣ ደሞዙ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በባችለር ዲግሪ የሚገኘው የመጀመሪያው ሥራ ቀጭን ነው፤ የሚያጠግበው ከማስተርስ ወይም ከፒኤችዲ በኋላ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሁሉ የሚዞረው ዕዳው ያንን ቀጭን ዘመን ሳያሰቃይ ማለፍ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የወለድና የብድር ቁጥሮቹ የ2025–26 የትምህርት ዘመን ናቸው።

1. የትምህርቱን ስምና ኮድ ለዩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና የሌላ ዘርፍ ደሞዝ ሲያነብ ያመሻል። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ ትምህርት ሚኒስቴሩ የሰጠው የመለያ ቁጥር አለው። ቦታኒና ፕላንት ባዮሎጂ 26.03 ሥር ናቸው፤ የዕፅዋት በሽታና የዕፅዋት ሞለኪውላር ባዮሎጂም እዚያው ይመደባሉ። «ፕላንት ሳይንስ» የሚባለው፣ ማለትም አግሮኖሚ፣ ሆርቲካልቸርና የሰብል ማዳቀል፣ ከግብርና ወገን ተቆጥሮ 01.11 ሥር ይገኛል። ጠቅላላ ባዮሎጂ ደግሞ 26.01 ነው።

ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ አንዱ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው በተለያየ ስም ስለሚሰጥ ነው። ዩሲ ዴቪስ «ፕላንት ባዮሎጂ» ብሎ ራሱን ችሎ ያስተምራል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ኮሌጁ ሥር «ፕላንት ሳይንስ» ይለዋል። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በባዮሎጂ ዲግሪ ውስጥ እንደ አንድ አማራጭ ያቀርበዋል። ልጃችሁ የምታመለክትባቸውን ትምህርት ቤቶች ጻፉና ከእያንዳንዱ አጠገብ ኮዱን አስቀምጡ። ኮዱን ካላገኛችሁት የትምህርት ክፍሉን አማካሪ በኢሜይል ጠይቁ፤ አንድ መስመር ጥያቄ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ለዲግሪው ስም ብቻ ብላችሁ ውድ ትምህርት ቤት አትምረጡ። የፌዴራል መንግሥት ቦታኒስት ሲቀጥር (የሥራ መደቡ ቁጥር 0430 ነው) የሚጠይቀው በዘርፉ ቢያንስ 24 ሴሚስተር ክሬዲት ነው። በርካሽ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምራ የምርጫ ኮርሶቿን በዕፅዋት የሞላች ልጅ ይህን ታሟላለች።

2. ኮሌጅ ስኮርካርድን ክፈቱ፣ ግን እንደ ፎቶግራፍ አትመኑት

ኮሌጅ ስኮርካርድ የትምህርት ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አስገቡ፣ «የትምህርት ዘርፎች» ወደሚለው ክፍል ውረዱ፣ የባችለር ዲግሪን ምረጡ። ሦስት ቁጥር ገልብጡ፦ የተመራቂዎችን ሚዲያን ገቢ፣ ሚዲያን ዕዳ፣ በዓመት ስንት ሰው እንደሚመረቅ። ሚዲያን ማለት ግማሹ ተመራቂ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኘው መሐል ላይ ያለው ቁጥር ነው።

አሁን ቁጥሩ የማይነግራችሁን እንይ፤ በዕፅዋት ዘርፍ ላይ ይህ ከሌላው ይብሳል።

ብዙ ጊዜ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የፕላንት ባዮሎጂ ክፍሎች ትንንሽ ናቸው፤ የተመራቂው ቁጥር ጥቂት ሲሆን የግለሰብ ገቢ እንዳይታወቅ መንግሥት መረጃውን ይደብቃል። ባዶ ሣጥን ማለት ሥራ የለም ማለት አይደለም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የጠቅላላ ባዮሎጂንና የፕላንት ሳይንስን ቁጥር ውሰዱ፤ እውነቱ በሁለቱ አካባቢ እንደሚሆን ገምታችሁ ለስሌት ግን ዝቅ ያለውን ያዙ።

ገቢው የሚሰላው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ወይም ብድር ከወሰዱት ብቻ ነው። ሀብታም ቤተሰብ ከፍሎ ያስተማረው ልጅ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ለእኛ ይህ ጥሩ ነው፤ እኛን የሚመስሉትን ነው የሚያሳየው።

ትልቁ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ፦ በዚያ ዓመት ትምህርት ላይ ያለ ሰው ከገቢው ስሌት ይወጣል። ፒኤችዲ የጀመረችው፣ ነገ የተሻለ የምታገኘው ተመራቂ አትቆጠርም ማለት ነው። በባችለር ያቆሙት፣ ግሪንሃውስ ውስጥ ወይም ላብ ውስጥ በቴክኒሻንነት የጀመሩት ናቸው የሚቆጠሩት። ስለዚህ ቁጥሩ የዘርፉን መግቢያ በር ያሳያል እንጂ ሳሎኑን አያሳይም።

ዕዳውም ጎደሎ ነው። ሚዲያን ዕዳ የሚባለው ተበድረው የተመረቁ ተማሪዎች በራሳቸው ስም የወሰዱት የፌዴራል ብድር ነው። ከባንክ የተወሰደ የግል ብድር አይገባበትም። ወላጅ በራሱ ስም የወሰደው፣ ፓረንት ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለብቻው ነው የሚቀመጠው። አቋርጠው የወጡትም የሉበትም፤ ዲግሪ ሳይዙ ዕዳ የያዙት ግን ከሁሉ የባሰ የሚቸገሩት ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት ዕዳው ትንሽ ከመሰላችሁ የምረቃ መጠኑንና የወላጆችን ብድር አብራችሁ እዩ።

ተጨማሪ መስታወት ከፈለጋችሁ የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያወጣው የኮሌጅ ተመራቂዎች ሠንጠረዥ አለ። «የእንስሳትና የዕፅዋት ሳይንስ» የሚል መስመር ይዟል። ከደሞዙ ይልቅ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ያሉትን መቶኛና ሁለተኛ ዲግሪ የያዙትን መቶኛ ተመልከቱ።

3. ደሞዙን በሁለት ወለል ክፈሉት

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሜይ 2024 መረጃ እንደሚለው፣ የባዮሎጂ ቴክኒሻኖች ሚዲያን የዓመት ደሞዝ 52 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የግብርናና የምግብ ሳይንቲስቶች ደግሞ 78 ሺህ ዶላር ገደማ ያገኛሉ። ሁለቱም የአገር አቀፍ ቁጥሮች ናቸው፣ ሁለቱም የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸውን ሰዎች ይጨምራሉ። አዲስ ተመራቂ ከዚያ በታች እንደሚጀምር አስቡ።

ታችኛው ወለል ላይ ያሉት ሥራዎች እነዚህ ናቸው፦ የዩኒቨርሲቲ ላብ ቴክኒሻን፣ የዘር ድርጅት የመስክ ረዳት፣ የችግኝ ጣቢያና የግሪንሃውስ ሠራተኛ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የስቴት ግብርና ቢሮ የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪ። በየኤርፖርቱና በየወደቡ በሚገባ ዕፅዋት ላይ ተባይ የሚፈትሹ የፌዴራል ሠራተኞችም አሉ። ላይኛው ወለል ላይ ዝርያ አዳቃዮች፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዎች፣ እንደ ኮርቴቫ፣ ባየርና ሲንጀንታ ባሉ ኩባንያዎች የሚሠሩ ሳይንቲስቶች፣ መምህራንና የመንግሥት ተመራማሪዎች ይገኛሉ። በመሐል አንድ ደረጃ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የሰብል አማካሪነት። የተመሰከረለት የሰብል አማካሪ የሚባል ፈተና አለ፤ ባችለርና የመስክ ልምድ ያለው ሰው ፒኤችዲ ሳይማር ከቴክኒሻንነት የሚወጣበት መንገድ ነው። ችግሩ ሥራው በብዛት ያለው አዮዋና ኢሊኖይ፣ ነብራስካና የካሊፎርኒያ ሸለቆ ውስጥ መሆኑ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ሳይወጡ ይህን ማሰብ ይከብዳል። ልጃችሁ ከእናንተ ርቃ ለመኖር ፈቃደኛ መሆኗን አሁን ጠይቋት፤ የደሞዙን ግማሽ የሚወስነው ይህ ነው።

በሁለት ነገር አትታለሉ። አንደኛው የመንግሥት ሥራ ነው። የዲኤምቪ (የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ) ልጆች ሁልጊዜ ቤልትስቪል ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል በልባቸው ይይዛሉ፤ ከ1910 ጀምሮ የቆመ ትልቅ ስም ነው። ግን በ2025 በሙከራ ጊዜ ላይ የነበሩ ብዙ የፌዴራል ሠራተኞች ተሰናብተዋል፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የግብርና ሚኒስቴሩ ቤልትስቪልን በሂደት እንደሚለቅ አስታውቋል። የመንግሥት ሥራ ከተገኘ ጥሩ፤ ስሌቱ ግን በእሱ ላይ ብቻ አይቁም። ሁለተኛው በሕንፃ ውስጥ በመብራት ሰላጣ የሚያበቅለው ኢንዱስትሪ ነው። ኤሮፋርምስና አፕሃርቨስት በ2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ፣ ባወሪ በ2024 ተዘጋ፣ ፕሌንቲም በ2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የዩኒቨርሲቲ ብሮሹር ላይ ያ ሐምራዊ መብራት ፎቶ ካያችሁ ይህን አስታውሱ።

ለአባት ደግሞ አንድ ስም ላቀብል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከአለማያ ኮሌጅ ተመርቀው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲያቸውን ሠሩ፤ ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ዶክተር ሰገነት ቀለሙም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው፣ ማስተርሳቸውን በሞንታና ስቴት፣ ፒኤችዲያቸውን በዕፅዋት በሽታ በካንሳስ ስቴት ሠርተው፣ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። «አፈር መቆፈር» እዚህም ያደርሳል። ግን ሁለቱም ባችለር ላይ አላቆሙም።

4. የማስተርስና የፒኤችዲን ገንዘብ ከባችለሩ ጋር አታምታቱ

እዚህ ላይ ዘርፉ ከሕክምና፣ ከሕግና ከፋርማሲ ይለያል። ሐኪም ለመሆን ከባችለር በኋላ ሌላ ትልቅ ዕዳ አለ። በዕፅዋት ሳይንስ ፒኤችዲ ግን ልማዱ ዩኒቨርሲቲው ቱሽኑን (የትምህርት ክፍያውን) ትቶ፣ ተማሪው ላብ ውስጥ ወይም ክፍል ውስጥ ለሚሠራው ስታይፔንድ፣ ማለትም የመኖሪያ ገንዘብ፣ መክፈል ነው። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለግራጁዌት ተማሪዎች የሚሰጠው ፌሎሺፕ ለምሳሌ በዓመት 37 ሺህ ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞችም፣ በተለይ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚጠይቁት፣ በምርምር ረዳትነት ይከፍላሉ።

ከዚህ አንድ ደንብ ይወጣል፦ በዚህ ዘርፍ ለፒኤችዲ አትበደሩ፤ ገንዘብ ሳያቀርብ የተቀበላችሁን ፕሮግራም እንዳልተቀበላችሁ ቁጠሩት። ለማስተርስም ያው ነው፤ ቀጣሪ ካልከፈለ በቀር። ደግሞም ግራድ ፕላስ የሚባለው የግራጁዌት ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ይዘጋል።

ግን ስታይፔንድ ደሞዝ አይደለም። አምስት ዓመት በ37 ሺህ ወይም ከዚያ ባነሰ መኖር ማለት ነው። በትምህርት ላይ እያለች የባችለሩን ብድር እንድትከፍል አትገደድም፤ ሰብሲዳይዝድ የሆነው ክፍል ወለድ አይወልድም፣ አንሰብሲዳይዝድ የሆነው ግን ይወልዳል። 8,000 ዶላር አንሰብሲዳይዝድ በ6.39 በመቶ አምስት ዓመት ቢቀመጥ 2,550 ዶላር ገደማ ይጨምራል። አምስተኛው ደረጃ ላይ የምናየው የአራት ዓመቱ 27,000 ዶላር ሁሉ አንሰብሲዳይዝድ ከሆነ ጭማሪው 8,600 ዶላር ያህል ይደርሳል። የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ሆኖ ፋፍሳውን (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጹን) በሰዓቱ የሞላ፣ ሰብሲዳይዝዱን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። «ይዘገያል እንሞላዋለን» የሚባለው ቅጽ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው።

5. የዕዳ ጣሪያችሁን በአኃዝ ጻፉ፤ ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት

በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በመጀመሪያ ዓመት 5,500፣ በሁለተኛ 6,500፣ በሦስተኛና በአራተኛ 7,500 ዶላር ነው። አራቱ ሲደመር 27,000። ዕድሜ ልክ ጣሪያው 31,000 ነው። በ2025–26 ወለዱ 6.39 በመቶ ነው፤ በየዓመቱ ጁላይ 1 ለአዲስ ብድር ይለወጣል፣ የተወሰደው ግን እንደተወሰደ ይቆያል።

ለአእምሮ ሒሳብ ይህን ያዙ፦ በዚህ ወለድ፣ በ10 ዓመት ለመጨረስ፣ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ብድር በወር 11 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይጠይቃል። 27,000 ሲሆን በወር 305 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 36,600።

አሁን ከሁለተኛው ደረጃ ያገኛችሁትን የመጀመሪያ ደሞዝ ውሰዱ። በምሳሌ 45,000 እንበል። በወር 3,750 ነው፤ ሜሪላንድ ለምትኖር ላላገባች ሴት ከታክስ በኋላ ወደ 2,900 ይወርዳል። በተለምዶ «ጠቅላላ ዕዳ ከአንድ ዓመት ደሞዝ አይብለጥ» ይባላል። ለዚህ ዘርፍ ይህ ልል ነው ባይ ነኝ። እኔ የምጠቀምበት ከወር ጠቅላላ ደሞዝ 8 በመቶን ነው። የ3,750 ስምንት በመቶ 300 ዶላር ነው፤ 300ን ለ11.30 ብታካፍሉ 26,500 ዶላር ገደማ ይመጣል። በአጭሩ ጣሪያው ከዓመት ደሞዙ 60 በመቶ አካባቢ ነው። ደሞዙ 38,000 ቢሆን ጣሪያው ወደ 22,400 ይወርዳል።

ለምን አጠበቅሁት? ከ2,900ው ላይ የክፍል ኪራይ፣ መኪናና ኢንሹራንሱ፣ ምግብና ስልክ ይወጣሉ። የአሜሪካ የበጀት ሠንጠረዥ ላይ የሌለ የእኛ መስመርም አለ፦ አገር ቤት ለአያት የሚላከው፣ የለቅሶና የሠርግ መዋጮው፣ ዕቁቡ። ሥራ የያዘች የበኩር ልጅ «እኔ አልልክም» ማለት እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን። ያንን መስመር በሐቅ ጻፉትና የተረፈውን እዩ።

በሃይማኖት ምክንያት በወለድ የማይበደር ቤተሰብ ጣሪያው ዜሮ ነው፤ ቀጥታ ወደ ሰባተኛው ደረጃ ይለፍ።

6. የወላጅ ብድርን ለብቻው መዝኑ

ችግር የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም 27,000ው አይበቃም፤ ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ፓረንት ፕላስ» ብሎ ቀሪውን እንደ ስጦታ ይደምረዋል። ስጦታ አይደለም። ወለዱ በ2025–26 8.94 በመቶ ነው፣ ገና ሲሰጥ ከ4 በመቶ በላይ ክፍያ ይቆረጥበታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ወላጅ በአንድ ተማሪ በዓመት 20,000፣ በድምሩ 65,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎበታል።

አንድ ስሌት ብቻ ላሳያችሁ። በአራት ዓመት 60,000 ዶላር በፓረንት ፕላስ ተወስዶ፣ በ8.94 በመቶ በ20 ዓመት ቢከፈል፣ በወር 538 ዶላር ገደማ ነው። በመጨረሻ ከኪስ የሚወጣው 129,000 ዶላር ይጠጋል። አባት 50 ዓመታቸው ከሆነ እስከ 70 ይከፍላሉ፣ ያውም በሌሊት ሽፍት ወይም በታክሲ ገቢ። በአዲሱ ሕግ ይህ ብድር እንደ ተማሪው በገቢ ልክ የሚከፈልበት መንገድም የለውም። ልጅቷ «እኔ እከፍልላችኋለሁ» ማለቷ አይቀርም፤ ከልቧም ነው። ግን ከ2,900ው ላይ 305 እና 538 ሲቀነስ የሚቀረውን አብራችሁ አስሉ።

የግል ባንክ ብድር ከዚህ ይብሳል። ወላጅ፣ አጎት ወይም የክርስትና አባት ዋስ ይሁን ይባላል፤ ልጅቷ መክፈል ሲያቅታት ባንኩ ዋሱን ይይዛል። ዋስ የሚሆን ዘመድ ከጠፋ ማንንም አትውቀሱ፤ ዋስ መሆን የሌለበት ብድር ነው።

7. ጣሪያው አልበቃ ካለ ዋጋውን አውርዱ

በመጀመሪያ የእርዳታ ደብዳቤዎቹን ደርድሩና ብድሮቹን ሁሉ በእስክርብቶ ሰርዙ። ዓመቱ የሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ (ቱሽን፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ) ሲቀነስ የማይመለሱት ስጦታዎች፣ ያ ነው እውነተኛው ዋጋ። ለአራት አባዙትና ከጣሪያችሁ ጋር አስተያዩት።

ፔል ግራንት የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጥ የፌዴራል ስጦታ በዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። በዲቪ መጥተው ግሪን ካርድ የያዙም ማግኘት ይችላሉ፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ግን አያገኝም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እንደ ውርደት የምታዩ ካላችሁ ይህ ዘርፍ ለሐሳብ ለውጥ ጥሩ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኬሚስትሪ፣ ካልኩለስ፣ ጠቅላላ ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ናቸው፤ ተክል ብዙም አይነካም። ከሞንጎመሪ ኮሌጅ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወደ ቨርጂኒያ ቴክ የሚሄድ ልጅ ቁም ነገሩን በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ያገኘዋል። ግን ጥንቃቄ አለው፦ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ጀነቲክስ በየትኛው የኮርስ ቁጥር ተቆጥረው እንደሚያልፉ ከመመዝገባችሁ በፊት ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ አስረግጡ። ያልተቆጠረ ኮርስ ሌላ ሴሚስተር ማለት ነው፣ ሌላ ሴሚስተር ደግሞ ሌላ ብድር። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ከላብ ምርምር እንዳይቀር በገባ በመጀመሪያው ወር ለፕሮፌሰሮች ይጻፍ።

በስቴት ነዋሪነት ክፈሉ። ጠንካራ የዕፅዋት ክፍሎች አብዛኞቹ ያሉት በ1862ቱ የሞሪል ሕግ መሬት በተሰጣቸው የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ፣ ፐርዱ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ዋሽንግተን ስቴት ከነዚህ ናቸው። በዚህ ዘርፍ የግሉ ውድ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጨምረው ትንሽ ነው። ኮርኔል እንኳ የግብርና ኮሌጁ ለኒው ዮርክ ነዋሪ የቀነሰ ቱሽን አለው። በምዕራቡ ክፍል የምትኖሩ፣ የምዕራብ ስቴቶች የባችለር ልውውጥ የሚባለው ፕሮግራም ከሌላ ስቴት ለመጣ ተማሪ ቱሽኑን በነዋሪው ዋጋ 150 በመቶ ይገድባል፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ዘርፍ እንዳካተተ ጠይቁ። የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ በሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ልዩነቱን በከፊል የሚሸፍን ዲሲታግ የሚባል ድጎማ አላቸው።

በጋውን አታባክኑት። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለባችለር ተማሪዎች የሚያዘጋጀው አርኢዩ የተባለ የበጋ ምርምር ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ክፍያ ይሰጣል። ለፒኤችዲ ማመልከቻ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ጥቂት ነው፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በበጋ ከሚገኘው ገንዘብ ቢያንስም እንኳ።

8. አከፋፈሉን ከአሁኑ እወቁት

ከጁላይ 2026 በኋላ የሚበደር ተማሪ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። መደበኛው በዕዳው መጠን ይረዝማል፦ ከ25,000 በታች 10 ዓመት፣ ከ25,000 እስከ 50,000 15 ዓመት። 27,000ው በ15 ዓመት በወር ወደ 234 ይወርዳል፣ ድምሩ ግን ወደ 42,000 ይወጣል። ትርፍ መክፈል ቅጣት የለበትም፤ በ10 ዓመቱ ሒሳብ 305 እየከፈላችሁ ጨርሱት። ሌላው መንገድ ዕዳውን ከ25,000 በታች ማድረግ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ቅናሽ አምስት ዓመት የሚያሳጥር ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም።

ሁለተኛው መንገድ በገቢ ልክ የሚከፈለው ነው። ገቢው ከ40 እስከ 50 ሺህ ከሆነ 4 በመቶ ይጠየቃል፤ በ45,000 በወር 150 ዶላር። ያልተሸፈነ ወለድ ይማራል፣ ዋናው ዕዳም በወር ቢያንስ በ50 ዶላር እንዲቀንስ ይደረጋል። ቀሪው የሚሰረዘው ግን ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ለክፉ ጊዜ መሸሸጊያ ይሁን እንጂ እቅድ አታድርጉት። በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚሠራ ሰው ከ120 ክፍያ በኋላ ቀሪው የሚሰረዝለት የሕዝብ አገልግሎት ምሕረት አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ላብና የስቴት ግብርና ቢሮ በዚህ ሊገቡ ስለሚችሉ ለዕፅዋት ሰው ከሌሎች የቀረበ ነው።

9. ከመፈረማችሁ በፊት ክፍሉን ጠይቁ

ስልክ ደውሉ ወይም ልጅቷ ትጻፍ። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንት ነበሩ? ዛሬ የት ናቸው፣ በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው? ከነሱ ስንቱ ገንዘብ ያለው ግራጁዌት ፕሮግራም ገቡ? ባችለር ተማሪ ላብ ውስጥ በክፍያ ይሠራል ወይስ በነፃ? ጥሩ ክፍል እነዚህን በሁለት ቀን ይመልሳል። «ተመራቂዎቻችን በተለያዩ መስኮች ተሰማርተዋል» ብቻ የሚል መልስ ከመጣ፣ የሚያውቁት ነገር ትንሽ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ክፉውን ቀን አስሉ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ያገኘችው በ38,000 ቢሆን፣ ፒኤችዲውም ባይሳካ፣ የወሩ ክፍያ ይቻላል? ከተቻለ ግቡበት። ካልተቻለ የሚቀየረው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ዘርፉን ከመቀየራችሁ በፊት እሱን ሞክሩ።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ተቀበላችሁ ማለት ደብዳቤው ላይ ያለውን ብድር ሁሉ ተቀበላችሁ ማለት አይደለም፤ 5,500 ቀርቦላችሁ 3,500 ብቻ መውሰድ ይቻላል፣ ያውም ሰብሲዳይዝዱን አስቀድማችሁ። የተላከ የፌዴራል ብድርም በ120 ቀን ውስጥ ቢመለስ ለተመለሰው ክፍል ወለድም ክፍያም አይጠየቅም። ስለዚህ በመስከረም ስኮላርሺፕ ከተገኘ ወይም የላብ ሥራ ከጀመረች፣ የዚያኑ ሳምንት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን «የምመልሰው አለኝ» በሏቸው።